ኮታ ማለት ኑ ማለት ነው

ባለፈው ዓመት ለአንዲት የሰፈራችን ልጅ ሠርግ ከሐዋሳ ወደ ነገሌ ቦረና ወርጄ ነበር። ከመናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ተሳፍሬ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ሳደላድል፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ያቀፈችው የወተት ዕቃ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። ከሥራሥር ተጎንጉኖ የሚሠራው የቦረና ሴቶች ዕቃ ነበር፤ ውስጡ በእንጨት ጭስ ታጥኖ ወተት የዋለበት። ይህን ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ትንሽ የከሰለ እንጨት፣ ትንሽ ቅቤ፣ ትንሽ ደግሞ ጠዋት ከበረት የወጣች ጥጃ ይሸታል፤ ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሸተኝ ቤት ነው፤ ቤት ባልነበረን ጊዜ ያገኘነው ቤት።

ሾፌሩ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ጎረምሳ ነው። ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ «ኮታ ሰፈር» አልኩት። እንግዳ መሆኔን ከአለባበሴ ገምቶ መሰለኝ፣ መንገዱን ሙሉ የሰፈሩን ስም ታሪክ ሲተርክልኝ ሄደ፤ በደርግ ጊዜ ስኳርና ዘይት በኮታ ሲታደል ሕዝቡ የሚሰለፈው እዚያ ስለነበር ኮታ ሰፈር ተባለ አለኝ። አልተቆጣሁትም። ይህንኑ ታሪክ ከመምህራንም ከባለሥልጣንም አፍ ሰምቼዋለሁ። ስሕተቱ ራሱ ታሪክ አለው፤ ሲወለድ ከአባቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ያ ስሕተት ባይፈጠር ሰፈሩም አይኖርም ነበር።

ኮታ የአማርኛ ቃል አይደለም። በኦሮምኛ «ኑ» ማለት ነው። ለአንድ ሰው ኮቱ ይባላል፣ ለብዙ ሰው ኮታ። እኛ ብዙ ነበርን።

አባቴ ፊልቱ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር። ከከምባታ ተቀጥሮ ወደዚያ ቆላ የወረደ፣ በጸሎቱም በነጭ ጋዋኑም ቀልድ የማያውቅ ጴንጤ ነው። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ተኩሱ ወደ ፊልቱ ሲቀርብ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰቡን ያውጣ ተባለና፣ እናቴን፣ እኔንና ገና ጡት ያልጣለውን ወንድሜን የጭነት መኪና ላይ አሳፈረን፤ እሱ ግን አልወጣም። ክሊኒኩ ውስጥ መንቀሳቀስ የማይችሉ ሰዎች ተኝተው ነበር። እናቴ ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ና ውጣ! እነሱን እግዜር ይጠብቃቸዋል» ስትለው፣ «እግዜር እኮ ለዚህ ነው እኔን እዚህ ያስቀመጠኝ» አላት። ይህችን ንግግሩን እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ ባስቀየማት ቁጥር እያነሳች ትወጋው ነበር።

መኪናው ነገሌ ሲደርስ ከተማው ሞልቷል። የትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ የመስጊዱ በረንዳ ሁሉ ከየቆላው በሸሸ ሰው ተጣቧል። ሾፌሩም ቢጨንቀው ከከተማው ዳር፣ ፊልቱ መንገድ ላይ፣ ከነጓዛችን አራግፎን ሄደ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ከፊታችን ቀይ አፈር፣ ግራርና ምስጥ የቆለለው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ አለ። ኩይሳው ጫፍ ላይ አንዲት ረጅም ሴት ቆማ፣ ሻሿን ፈትታ እያውለበለበች «ኮታ! ኮታ!» እያለች ትጮኻለች።

አዮ ዳርሚን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አዮ ቦረናዎች እናትን የሚጠሩበት ነው። ባሏ ሞቶባት ከብቶቿንና የመጨረሻ ልጇን ጃርሶን ይዛ ከከተማው ዳር የምትኖር ሴት ነበረች፤ ድምፅዋ ከዚያ ቀጭን አካል ይወጣል ተብሎ የማይጠበቅ፣ ወፍራም፣ ሜዳ የሚያቋርጥ ድምፅ ነበር። እናቴ ኦሮምኛ አንድ ቃል አታውቅም። እጅ እያወናጨፉ መጮህ በእሷ ቋንቋ ማባረር ስለሆነ «ሂዱልኝ እያለችን ነው» ብላ ጓዟን ማንሳት ጀመረች። አዮ ዳርሚ ይህን አይታ ከኩይሳው ወረደች፤ ቀጥ ብላ መጥታ ወንድሜን ከእናቴ ጀርባ ፈትታ ወሰደችና ወደ ግቢዋ መራመድ ጀመረች። እናቴ ልጇን ተከትላ ከመሄድ በቀር ምን ምርጫ ነበራት? እኛም እናቴን ተከተልን። አብራን ከፊልቱ የመጣችው ሐሊማ የምትባል ሶማሌ ከነልጆቿ እኛን ተከተለች። ሌላውም ሰው ሐሊማን ተከተለ።

ግቢዋ ውስጥ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሆን ቤት የለም። ያለው በእሾህ የታጠረ የከብት በረት ነው። አዮ ዳርሚ በሩን ከፈተችና ከብቶቿን አንድ በአንድ አስወጥታ እኛን አስገባችን። የባሏ ወንድም የሆኑ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እያወዛወዙ መጥተው ሲጮኹባት፣ እሷም ወንድሜን አቅፋ ስትመልስላቸው አየሁ። የተባባሉትን በኋላ አማርኛ የሚችለው ጃርሶ ነው የነገረን።

«ሰው በረት ውስጥ፣ ከብት ውጭ ሲያድር የት አይተሻል?» ነበር ያሏት።

«ከብቱ ጅብ ሲመጣ ይሮጣል» አለቻቸው። «ይሄ ሕፃን ይሮጣል?»

ሽማግሌው ሄደው ጦራቸውን ይዘው መጡና፣ ከጃርሶ ጋር ከብቱን ሲጠብቁ አደሩ። ቢሆንም ጠዋት አንዲት ጊደር አልተገኘችም። አዮ ዳርሚ ደሙን አይታ አፈር አለበሰችው፣ ስለ ጊደሯም ለማንም አልተናገረች። ላሞቿን አልባ የመጀመሪያውን ወተት ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ያን ወተት ይዛ ስታለቅስ፣ አዮ ዳርሚ ወተቱ ያልጣማት መስሏት ሌላ ዕቃ ይዛ መጣች።

ከዚያ ወዲያ ከበረቱ ዙሪያ ጎጆው እየበዛ ሄደ። የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ግድግዳ፣ ጆንያ ተሰፍቶ መጋረጃ፣ የላም ቆዳ ደግሞ በር ሆነ። ንፋስ ሲነሳ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ከበሮ ይደልቃል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ሰው ለማውራት ጆሮ ለጆሮ መጠጋት ነበረበት፣ ለዚህ ይሆናል ወሬ የማይደበቅበት ሰፈር የሆነው። ከተልተሌ ድርቅ ያባረረው ቦረና፣ ከፊልቱ የሸሸ ሶማሌ፣ ሻኪሶ ወርቅ ፍለጋ ወርዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ጉጂ፣ ከወሎ መጥቶ መንገድ የቀረ ነጋዴ፣ እኛ ከምባታዎቹ፣ ሁላችንም የምንቀዳው ከአንድ ኩሬ ነው። እኛ ልጆች ቋንቋ የቱ ጋ እንደሚያልቅና የቱ ጋ እንደሚጀምር አናውቅም ነበር። በኦሮምኛ ጀምረን በአማርኛ እንጣላለን፣ በሶማልኛ እንሰዳደባለን፣ «ናጋ» ብለን፣ ሰላም ተባብለን እንታረቃለን።

የአዮ ዳርሚ አማርኛ ግን ለብቻው የሚወራለት ነው። ቋንቋውን የለመደችው ወተት ታደርስበት ከነበረ የአንድ ቄስ ቤት ስለሆነ፣ ከአንቱ በቀር ሌላ አጠራር አታውቅም። ሕፃኑን ወንድሜን «ይጥቡ እንጂ፣ ለምን ያለቅሳሉ?» ትለዋለች። ፍየሎቿን ከእናቴ ጎመን ላይ ስታባርር «ይውጡ! ኧረ አያፍሩም!» ስትል፣ የወሎው ነጋዴ ሆዱን ይዞ መሬት ይቀመጥ ነበር። ልጆቿን ያላከበረች እናት የለችም ብላ ታምን ስለነበር፣ ሳቃችንን እንደ ምስጋና ነበር የምትቀበለው።

በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኩይሳው ላይ ትወጣለች። በመንገዱ ሰው ባይታያትም እንኳ ወደ ቆላው ዞራ ትጣራለች፤ ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ ይኖራል ትል ነበር። የከተማው ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ «ኮታዎች መጡ» እያሉ አፍንጫቸውን ይይዙብን ጀመር። እኛ ግን ስድብነቱ አልገባንም። «አዎ፣ ኮታዎች ነን» እንላቸዋለን። ሰፈራችን ስም ያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ አንዷ ጠራችን፣ ሌሎቹ ሰደቡን፣ እኛ ደግሞ ወደድነው።

የአባቴ ወሬ ግን ጠፍቶ ነበር። ፊልቱ ተይዟል ከተባለ በኋላ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣው ሰው እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ቆመ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ልብሱን ከሻንጣ አውጥታ አራግፋ ትመልሳለች እንጂ ስሙን አታነሳም። አንድ ሰሞን አዮ ዳርሚን ብርድ መታትና ድምፅዋ ጥፍት አለ። አመሻሽ ላይ እንደ ልማዷ ኩይሳው ላይ ወጥታ አፏን ስትከፍት፣ የሚወጣው እንደ ድመት ሲር የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። ጀርባዋን አዞረችብንና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየን። ከዚያ ማን እንደጀመረው አላስታውስም፣ የሰፈሩ ልጆች ተግተልትለን ኩይሳውን ወጣነው፤ ያልቻለው ሥሩ ቆመ። ባለ በሌለ ድምፃችን «ኮታ! ኮታ!» ማለት ጀመርን። ቀይ አቧራ ተነስቶ ሜዳው አይታይም ነበር። ሐሊማ ቤቷ በር ላይ ቆማ በጭብጨባ ምት ሰጠችን፣ ጩኸቱ ዘፈን ሆነ።

አቧራው ውስጥ መጀመሪያ የታየው ነጭ ነገር ነው፤ ነጭ እንኳ አይባልም፣ ቀይ አፈር የጠጣ ጋዋን ነበር። አባቴ አንድ ሽማግሌ በጀርባው አዝሏል፣ ከኋላው የክሊኒኩ ሕሙማን እርስ በርስ ተደጋግፈው ይከተሉታል። እኔ ኩይሳው ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ አፌም «ኮታ» ማለቱን አልተወም። እናቴ ሮጠች። ደርሳም አላቀፈችውም፤ ሽማግሌውን ከጀርባው ተቀበለችውና «አሁን ደግሞ እግዜር እኔን እዚህ አስቀመጠኝ» አለችው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱም ተቃቅፈው ያለቀሱት።

መንገዱን ማን እንደያዘው ስላላወቁ ከሰው ዓይን ሸሽተው በጫካ ሲጓዙ ነበር የቆዩት፤ ከተማውንም አልፈው ሊሄዱ ነበር። «ልጆች ተሰብስበው እየጮሁ የሚጠሩበት ቦታ ክፉ ሊሆን አይችልም ብዬ ዞርኩ» ይል ነበር አባቴ። ድምፄን ለይተህ አውቀኸዋል አይደል እያልኩ ስንት ዓመት ወጠርኩት። መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነውና፣ «የሰማሁት የሁላችሁንም ነው» ከማለት አያልፍም።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። ያለ ፈቃድ የተሠራ የቆርቆሮ መንደር ይፈርሳል፣ ሰዉም ሩቅ ወደሆነ መጠለያ ይወሰዳል የሚል ወሬ ተናፈሰ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ካኪ የለበሰ ካድሬ ገመድና ካስማ ከያዙ ሰዎች ጋር መጣና ሰፈሩን በሙሉ ግራር ሥር ሰበሰበ። ረጅም ንግግር አደረገ። ከንግግሩ መሃል የገባን፣ ይህ ቦታ ስምም ዕውቅናም የሌለው ነው የሚለው ነው። እናቴ የአባቴን ኮት ጫፍ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች።

ካድሬው ፀሐይ ላይ ቆሞ አፉ ደርቋል። ከፊት የተቀመጠችውን አዮ ዳርሚን አይቶ፣ «ለመሆኑ እናቴ፣ ይህን ቦታ ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» አላት።

አዮ ዳርሚ ያን ሁሉ ንግግር ሰምታው አልነበረም። የታያት የደረቀ ከንፈሩ ነው። የወተት ዕቃዋን አንስታ፣ ገመድ የያዙትንም ሰዎች በእጇ ወደ ጥላው እየጠራች፣ «ኮታ! ኮታ!» አለች።

ካድሬው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ኮታ! አያችሁ ጓዶች!» ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ሰፊው ሕዝብ የእኩል ክፍፍልን ትርጉም ማንም ሳያስተምረው ተረድቶታል! ለመኖሪያው የሰጠውን ስም ስሙ!» አጨበጨበ። ሰዎቹም አጨበጨቡ። ለምን እንደሚጨበጨብ ያላወቀው ሰፈርም አብሮ አጨበጨበ።

አባቴ ሊያርመው ብድግ አለ። «ይቅርታ ጓድ፣ ቃሉ እንኳ...» ሲል እናቴ በኮቱ ስባ አስቀመጠችውና ጆሮው ሥር፣ «ቁጭ በል! ዛሬ እግዜር ያስቀመጠው ካድሬውን ነው» አለችው። ካድሬው ወተቱን ጠጣ፣ ሰዎቹም ጠጡ። ገመዱና ካስማው ከዚያ ቀን በኋላ የዋለው ለማፍረስ ሳይሆን መንገድ ለማውጣት ነው። ሰፈሩ ኮታ ተብሎ ቀበሌ ውስጥ ገባ። አባቴ ግን እውነቱን ባለመናገሩ ሰሞኑን ሙሉ ንስሐ ሲገባ ሰነበተ፤ እናቴ በበኩሏ አንድም ቀን አልቆጫትም።

አዮ ዳርሚ የተጨበጨበላት ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ አባቴ አስረዳት። በአማርኛ ኮታ ማለት ለእያንዳንዱ ሰው የተለካ ድርሻ ነው፣ ከዚያ በላይ አይሰጥም አላት። አዮ ዳርሚ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሰበች።

«ልኩን ማን ያውቃሉ?» አለች በዚያ በአንቱ አማርኛዋ። «የመጡ ሰው ይጠጣሉ።»

ዓመታት አለፉ። ቆርቆሮው በጭቃ ቤት ተተካ፣ ሐሊማ ሱቅ ከፈተች፣ አባቴ የከተማው ክሊኒክ ውስጥ ተቀጠረ። ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና መጣ፤ ቀበሌው ይህን ያህል ወጣት እንዲያቀርብ ኮታ ተጣለበት። ያን ጊዜ ቃሉ በአማርኛ ትርጉሙ መጣብን። ከወሰዷቸው መካከል ጃርሶ ነበረበት፤ እኛን ቋንቋ ያስተማረን፣ ከብቱን ውጭ የጠበቀልን ጃርሶ። አዮ ዳርሚ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቆማ አየችው፣ ከዚያ ወደ ከብቶቿ ተመለሰች። ወደ ሰሜን ሄደ ከመባል በቀር ሌላ አልሰማንም።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በመንገዳችን ይተም ጀመር። እግሩ ያበጠ፣ መለዮውን የጣለ፣ የሚበላው የሌለው ወጣት ነው። ከተማው ፈርቶ በሩን ዘጋ፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፣ መሣሪያ የያዘ ነበረባቸው። አዮ ዳርሚ ጉልበቷ ደክሞ ነበር። እኔ ያኔ መምህርነት ጀምሬአለሁ፤ ከሐሊማ ጋር ግራና ቀኝ ደግፈን ኩይሳው ላይ አወጣናት። ድምፅዋ የድሮው አልነበረም፤ ቢሆንም ደረሰ። ወታደሮቹ ወጥመድ መስሏቸው መጀመሪያ ቆሙ። ከዚያ አንዱ ቀረበ፣ ሌላውም ተከተለ። እሷ ወተት እያቀበለች እያንዳንዱን ልጅ እግር፣ «ጃርሶን ያውቃሉ? ረጅም ናቸው፣ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አላቸው» ትለዋለች። እያንዳንዱ «አላውቀውም እናቴ» ይላታል። የእሱን መልስ ሰምታ ታበቃና፣ «ይጠጡ፣ ይጠጡ» ትላለች። የጎጃም ልጅ ነኝ ያለ አንድ ወታደር አንቱ መባሉን ሲሰማ ዕቃውን እንደያዘ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ጃርሶ አልመጣም። እሷም ብዙ አልቆየችም። መጣራቷን ግን እስከ መጨረሻው አልተወችም።

ኩይሳው ዛሬ የለም። አስፋልቱ ሲመጣ በአንድ ጠዋት ተደረመሰ፤ የሚያሳዝነው ማንም ቆሞ አለማየቱ ነው። ቤቶቹ የብሎኬት አጥር አላቸው፣ አጥሩ ላይ ጠርሙስ ተሰክቷል፣ የብረት በሩ ሲንኳኳ «ማነው?» ይባላል። በልጅነቴ በዚያ ሰፈር ይህን ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም፤ በሩ የላም ቆዳ ስለነበር ማንኳኳትም አይቻልም። ድሮ እኛ ስንቱን ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዳልጨረስን፣ የሠርጉ ዕለት ልጆቹ እየተለያዩ በየወገናቸው ሲቀመጡ አየሁ። ክፉ ሆነው አይደለም። የጠራቸው ስለሌለ ነው።

ቢሆንም አንገቴን አልደፋም። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ወንድሞቹ ከከምባታ ድረስ መጥተው፣ ከአባቱ መሬት ድርሻውን አዘጋጅተው ሊወስዱት ነበር። «ዘመድ በሌለህ አገር አርጅተህ ማን ይቀብርሃል?» አሉት። አባቴ ምሳቸውን አብልቶ፣ አመስግኖ ሸኛቸው። ካረፈ በኋላ ለቀብሩ ተመልሰው መጡ። የሐሊማ ልጆች፣ የአዮ ዳርሚ የልጅ ልጆች፣ የወሎው ነጋዴ ልጅ፣ እሱ ያከማቸው፣ እሱ ያዋለዳቸው ሁሉ ትከሻቸውን ከቃሬዛው ሥር ለማስገባት ይጋፉ ነበር። ወንድሞቹ እስከ መቃብሩ ድረስ ከኋላ ተከተሉ፤ ለመሸከም ተራ አላገኙም።